ናሙና ዘጠኝን ፍለጋ ካርቱም ድረስ

ጭንቅ የማይወድ አንባቢ ካለ አስቀድሜ ልንገረው፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማነሳቸው ሰዎች ሁሉ በሕይወት አሉ። ጉዞውን ያደረግኩት ካርቱም ላይ ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ነው። ያደርኩበት ግቢ፣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስና የገባሁበት የመዝገብ ክፍል ዛሬ ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም፤ የሰዎቹን ደኅንነት ግን ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ መጽሐፍ ስገዛ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሜ የማነብ ፈሪ ነኝና ሌላውን በጭንቅ መቅጣት አልወድም። የታካሚዋን ስም ቀይሬዋለሁ።

ሥራዬ የካንሰር ሞለኪውላር ባዮሎጂ ነው። በቀላሉ ለማስረዳት፣ ከታማሚ ላይ የተቆረጠ እጢ ወስጄ ዘረ መሉን አነባለሁ፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ እፈልጋለሁ። በዚህ ሙያ ሰው የሚመዘነው ባሳተመው ጽሑፍ ብዛትና ሌሎች ተመራማሪዎች ያንን ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት ነው። ሌላው ሰው ጠዋት ተነስቶ መስኮት ከፍቶ ሰማዩን ያያል፤ እኔ ስልኬን ከፍቼ ስንት ጊዜ እንደተጠቀስኩ አያለሁ። አሥራ አንድ ጽሑፎች አሉኝ። አሥሩን የምንጠቅሳቸው እኔና ተማሪዎቼ ብቻ ነን ቢባል ሐሰት አይሆንም። አንደኛው ግን ብቻውን ሌሎቹን አሥሩን አዝሎ የሚሄድ ነው።

ጽሑፉ ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ስለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የጡት ካንሰር ነው። ናሙናዎቹን የላከልኝ ሶባ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ሱዳናዊ ሐኪም ነበር። ሠላሳ በሰም የተከደኑ ቁራጮች፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ቁጥር ዘጠኝና ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ ከዚያ በፊት የትም ያልተጻፈ፣ አንድ ዓይነት የዘር ጉድለት አገኘሁ። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች ዕድሜያቸው ይለያያል፤ ሁለቱም ከወሎ ናቸው። እንግዲህ ጉድለቱ ከአንድ የጥንት አያት ተነስቶ በወሎ ሲዋለድ የመጣ መሆን አለበት ብዬ ጻፍኩ። ዓለም ወደደልኝ። በየአገሩ ጠቀሱኝ። እኔ ግን ካርቱምን በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከመጽሔቱ አዘጋጅ ደብዳቤ መጣ። ውጭ አገር ያለ አንድ ወጣት ተመራማሪ ዓመታት ፈጅቶ የወሎ ሴቶችን ደም መርምሯል፤ ያልኩትን ጉድለት አንዲት ሴት ላይ እንኳ አላገኘም። አዘጋጁ የመጀመሪያውን መዝገብ በአንድ ወር ውስጥ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። በዚያው ሰሞን የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ ኮሚቴ ፊት ነበር፤ ማመልከቻው ደግሞ የቆመው በዚያ በአንድ ጽሑፍ ላይ ነው። የክፍል ኃላፊያችን አዝኖልኝ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። «መዝገቡ ጠፍቷል ብለሽ ጻፊ። የሰው አገር መዝገብ ጠፋ ቢባል ማን ይደነቃል?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ለሦስት ቀን ያህል ምክሩ ጣፍጦኝ ነበር።

ሐኪሙ ከሱዳን ከወጣ ቆይቷል። ስጽፍለት በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ መዝገቡና የታካሚዎቹ የፈቃድ ወረቀቶች እዚያው ሆስፒታል፣ ዐም አወድ የሚባሉ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ዘንድ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ለሆስፒታሉ የፈቃድ ጥያቄ ጽፌ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴያችንን ደብዳቤ ይዤ ትኬት ቆረጥኩ።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ካርቱም ሁለት ሰዓት አይሞላም። ደሴ ድረስ በአውቶቡስ ስሄድ ከዚህ አራት እጥፍ እደክማለሁ። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ግን ሙቀቱ ፊቴን እንደ ምድጃ አፍ ገረፈኝ፤ የለበስኩትን ሹራብ እስካወልቅ ድረስ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ትዕቢት ሁሉ ቀለጠ። ጉምሩኩ ሻንጣዬን ከፍቶ የበርበሬውን ላስቲክ አሸተተ። ከዚያ እሱም፣ ጓደኛውም፣ ከኋላዬ የቆሙት መንገደኞችም እያስነጠሱ አለፍኩ።

በር ላይ የጠበቁኝ እትዬ ሐዋ ናቸው። የቤተ ሙከራ ባለሙያችን የኑሪያ አክስት ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ካርቱም ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አርካዊት ውስጥ በአንድ ቤት ምግብ ያበስላሉ።

«ዶክቶራ! ሐምዲላ ሰላማ!» ብለው ጥምጥም አሉብኝ። «ኑሪያ ቀጭን ናት ብላኝ ነበር፤ ወላሂ ግን ይሄን ያህል አልመሰለኝም። መጽሐፍ ብቻ ነው የምትበሉት?»

አርካዊት ከአየር ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ረቅሻ በሚሉት ባጃጅ ደረስን። አልጋቸውን ለእኔ አንጥፈው እሳቸው ምንጣፍ ላይ ሊተኙ ወስነዋል፤ ብከራከርም አልሰሙኝም። በገመድ የተጠለፈው አልጋ ግቢው መሐል ሜዳ ላይ ነው። እኛ አገር ውጭ የሚያድር ዘበኛ ነው፤ እዚህ እንግዳ ነው።

«ነገ በጠዋት ሶባ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ቡክራ ጁምዓ! ጁምዓ ማን ይከፍትልሻል? ቅዳሜም ዝግ ነው።»

ስንት ዓመት ከሱዳናዊ ሐኪም ጋር ተጻጽፌ ዓርብ ለምን እንደማይመልስልኝ ጠይቄ አላውቅም። መመለሻ ትኬቴ የማክሰኞ ነው። ከአምስት ቀን ላይ ሁለቱ ገና አንድ ወረቀት ሳልገልጥ ሄዱ።

ዓርብ

ዓርብ ከሰዓት በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ነጻ የሚወጡበት ጊዜ ነው። ሐዋ ግቢ አምስት ስድስት ሆነው መጡ፤ ጸጉር ይሠራራሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ አገር ቤት ይደውላሉ። አንዷ ትርንጎ ነኝ ብላ ጨበጠችኝ። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸ፤ ከወዲያ በኩል አሠሪዋ «ሰሚራ!» ስትል ለሁላችንም ተሰማ፤ ትርንጎም «ነዓም፣ ሐጃ» ብላ መለሰች።

«ሰሚራ ማናት?» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ሐዋ ሙላህ የሚሉትን ወጥ እያማሰሉ «እዚህ አገር ማን እናቱ ባወጣችለት ስም ይጠራል?» አሉኝ። «ክርስቲያኗን ደላላው የእስላም ስም ያወጣላታል፤ ቤት ቶሎ ታገኛለች ብሎ። እኔ እስላሟ እንኳ አልተረፍኩም። የመጀመሪያዋ ሐጃ ነዒማ ነበር የምትለኝ፤ ከኔ በፊት የሠራችላት ነዒማ ስለነበረች። አዲስ ስም መልመድ ሰለቻት፣ ኸላስ።»

እኔ ግን አልሳቅኩም። «ሆስፒታልስ ስትሄዱ?»

«ያመጣሽ ሰው የሚያውቀውን ስም ነው የሚጽፉት። ኢቃማ ሳይኖርሽ እውነተኛ ስምሽን ለሙዲር ትሰጫለሽ እንዴ?» ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሙዲር ደግሞ ኃላፊ ነው።

እጄ ላይ የነበረው ኪስራ፣ ያ ስስ እንጀራቸው፣ ወጡ ውስጥ ወደቀ። በሥራ ዓለሜ ስለ ናሙና መበላሸት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ማሽን ስሕተት ተጨንቄ አውቃለሁ። አንዲት ሴት በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ልትመጣ ትችላለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም፤ የአገሩ ልጅ ሆኜ፣ ሰፈሬ ሙሉ ዓረብ አገር ደርሰው የተመለሱ ሴቶች እያሉ።

ሴቶቹ ሲሄዱ ሐዋ አጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክቶራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ኑሪያ ያንን የጻፍሽውን ነግራኛለች። የወሎ ደም ውስጥ አለ ብለሻል አሉ። እሷ በየወሩ ጡቷን ስትዳብስ ታለቅሳለች። እኔም ይኸው ሌሊት ሌሊት እዳብሳለሁ። እኛ ላይም አለ?»

ኑሪያ አጠገቤ ቆማ ናሙና ስታዘጋጅ ስንት ዓመቷ ነው? አንድም ቀን አልነገረችኝም። ለሐዋ «ገና እያጣራሁ ነው» አልኳቸው።

ቅዳሜ

ሰማዩ ቡና ዓይነት መልክ ያዘና አቧራው መጣ። ሐቡብ ይሉታል። በር ብንዘጋም፣ መስኮት በጨርቅ ብንወትፍም ገባ፤ ጥርሴ መሐል ሳይቀር አሸዋ ነበር። ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበትን ቦታ ለማየት የነበረኝ አሳብ በዚሁ ቀረ፤ ለማየትም ልብ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ የራሴን ሠንጠረዥ ሳነብ ዋልኩ። ቁጥር ዘጠኝ፦ ዕድሜ ሠላሳ አራት፣ ወሎ፣ ግራ ጡት። ቁጥር ሃያ ሦስት፦ ዕድሜ ሠላሳ፣ ወሎ፣ ቀኝ ጡት። ሃያ ሦስት የተወሰደው ከዘጠኝ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ዕድሜዋ ግን በአራት ያንሳል። «የተለያዩ ናቸው» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ወዲያው «ግራ፣ ቀኝ» የሚለው ላይ ዓይኔ ይመለሳል።

እሑድ

ሐዋ ሥራ ስላለባቸው ብቻዬን ወጣሁ። አውቶቡሱን «ሶባ ሶባ ሲል ግቢ፤ ትልቁ የሆስፒታል በር ሲታይሽ ውረጂ» ብለውኛል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሜዳ፣ ጡብ፣ ያላለቀ ቤት፣ እንደገና ሜዳ። አዲስ አበባ ዳገቱ የት እንደደረስኩ ይነግረኛል፤ እዚህ ሁሉም ለጥ ያለ ስለሆነ የደረስኩም ያልደረስኩም መሰለኝ።

በሩ ሲታየኝ ደንግጬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ፤ አልቆመም ግን። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት በሳቅ እየተንፈራፈረች ጣቷን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገች፤ ሾፌሩም ወዲያው ቆመ። «እህቴ፣ እዚህ አፍ አይወርድም፤ ጣት ነው የሚያወርደው» አለችኝ በአማርኛ። ማን እንደሆነች ሳልጠይቃት ወረድኩ።

ዐም አወድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ እንግሊዝኛን በቀስታ እየመረጡ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤዬን አንብበው ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አዩ። «ፈቃዱ ደርሶኛል። መዝገቡም አለ» አሉ። ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። «ነገር ግን አራት ሰዓት ሆኗል። ፉጡር!»

ለካ ሱዳን ውስጥ ቁርስ የሚበላው በሥራ መሐል ነው። ሁሉም ብዕሩን አስቀምጦ አንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ ተሰበሰበ፤ ፉል፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ዳቦ። አልራበኝም ብል «ኢትፈደሊ» እያሉ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ወንበር አቀበለኝ። እኛ አገር ባለጉዳይን ውጭ አስቁሞ ቁርስ የሚበላ ቢሮ አውቃለሁ፤ ባለጉዳይን ካላበላሁ መዝገብ አልከፍትም የሚል ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያንን ፉል ያጎረስኩት ለሆዴ ሳይሆን ለጭንቀቴ ነው።

ከዚያ መዝገቡ ወጣ። ዐም አወድ ስሞቹን እያነበቡልኝ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ደረሱ፦ ዘይነብ፤ ያመጣቻት አሠሪዋ። ቁጥር ሃያ ሦስት፦ ፋንታዬ፤ በኤምባሲ ወረቀት፤ «የግራ ጡት ከዚህ በፊት በአገሯ ተቆርጧል» የሚል ማስታወሻ አለው። ይህ ማስታወሻ ለእኔ በተላከው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

«የፈቃድ ወረቀቶቻቸውን ማየት እችላለሁ?»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። ሁለቱም በፊርማ ፈንታ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ ነው። መነጽሬን አውልቄ ጎንበስ አልኩ። በመጀመሪያው ላይ ከላይ ወደ ታች አሻራውን ለሁለት የከፈለ ነጭ መስመር አለ፤ የድሮ ቁስል ጠባሳ። በሁለተኛውም ላይ አለ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ጫፉ ላይ በዚያው ዓይነት ቆልመም ብሎ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ስንት ማሽን አልፎት የሄደውን ነገር አንድ ጣት ነገረኝ።

«ያገኘሽው መልካም ነው?» አሉኝ ዐም አወድ።

«ትክክል ነው» አልኩ። መልካም ነው ማለት አልቻልኩም።

የፋንታዬ ወረቀት ላይ «ለጥናቱ ብፈለግ ልትደውሉልኝ ትችላላችሁ» የሚለው ምልክት ተደርጎበታል፤ ስልክ ቁጥርም አለው። ዐም አወድ ስልካቸውን ሰጡኝ። ይጠራል። ምነው ባይሠራ ብዬ ለመንኩ፤ አፍሬበታለሁ፣ ግን ለመንኩ። ሦስተኛው ላይ «አሎ» የምትል ሴት አነሳችው።

ሰኞ

ፋንታዬ የምትኖረው ጀብራ የሚባል ሰፈር ነው። ሐዋ አሠሪያቸውን አስፈቅደው መንገድ ሊያሳዩኝ አብረውኝ መጡ። ለምን እንደምሄድ አልነገርኳቸውም፤ የታካሚ ምስጢር ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ራሳቸው «እኔ እዚያ ሻይ ሻጯ ጋ እቀመጣለሁ፤ የማይነገረኝን መስማት አልወድም» አሉና ጥላ ሥር ሄዱ።

ያላለቀ ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ ፋንታዬ የቤቱ ጠባቂ ናት፤ ምድር ቤቱ ውስጥ አንዲት ክፍል አላት። ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ረጅም፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ የምታጣፋ ሴት ናት።

«እንደምን ነዎት? ትናንት የደወልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ኧረ አንቺ በይኝ! እርስዎ ስትይኝ ፖሊስ የመጣ ይመስለኛል» አለች። ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳችልኝ። አውራ ጣቷን አየሁት። የሽንኩርት ቢላዋ ነው አለችኝ ሳልጠይቃት፤ ልጅ ሆና።

መንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «ዘይነብ የምትባል ሴት ታውቂያለሽ?» ብቻ አልኩ።

ፈገግ አለች።

«አውቃታለሁ። ግራ ጡቷን የቆረጡባት እሷ ናት። ቀኙን የቆረጡባት እኔ ነኝ።»

ከርከዴውን አስቀመጥኩ። እሷ ግን ከከፈተችው አይቀር ቀጠለች። «መዳሟ ናት የወሰደችኝ፤ ስሜን ዘይነብ አለች፣ ዕድሜዬንም ራሷ ገመተች። እኔ ምን እላለሁ? ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ዘይነብ ነኝ ብል ኢቃማሽ የት አለ ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ፋንታዬ ሆኜ መጣሁ። ሐኪሞቹም ሌሎች ነበሩ። የግራውን የት ተቆረጥሽ ሲሉኝ አገሬ አልኩ።» ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «ሙሽኪላ አለው እንዴ? ሊያስሩኝ ነው?»

«የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ሁለት ሴት ናችሁ ብዬ ጻፍኩ።»

«ብትጽፊስ?»

ነገርኳት። የዘር ጉድለቱን፣ ወሎን፣ ያደነቁኝን ሰዎች፣ ሹመቱን ሳይቀር። አንዲት ሴት ከሆነች የወሎ ጉዳይ የለም፤ ያለው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኳት። ይህን ስናገር «ቤተሰብ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ከበደኝ፤ እሷም የሰማችው እሱኑ ነበር።

«የቤተሰብ?» አለች። «ይወረሳል?»

«ሊወረስ ይችላል። ሁልጊዜ አይደለም።»

«ልጅ አለችኝ እኮ። ዓለም። ደሴ እኅቴ ጋ ናት፤ ዘንድሮ ሃያ ይሆናታል።» ነጠላዋን ለቀቀችው። «ይሄን ካወቃችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

ጽሑፉ ከታተመ አራት ዓመት አልፏል። መጨረሻው ገጽ ላይ «የታካሚዎቹን ቤተሰቦች መከታተል ያስፈልጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ እሱም ተጠቅሷል፤ ብዙ ጊዜ። በብዙ አገር ሰው አንብቦታል። ያልተነገራት እሷ ብቻ ናት። ይህን ልነግራት ስሞክር አለቀስኩ፤ እሷ ናት ያባበለችኝ፤ «መስኪና» እያለች።

ስወጣ «ዓለምን ወዳንቺ እልካታለሁ» አለችኝ። «ስሟን ግን አትለውጥም፤ በእኔ ይብቃ።»

ማክሰኞ

ጠዋት ሐዋ ለመንገድ ፉል በዳቦ ጠቀለሉልኝ፤ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ በረራ። በር ላይ «እትዬ ሐዋ፣ ያ የጠየቁኝ ነገር» አልኳቸው። «የወሎ ደም ምንም የለበትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት አይዳብሱ፤ በዓመት አንዴ ሐኪም ይይዎት፣ እሱ ይበቃል።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ተደገፉ። «ሹኩርሊላህ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አንቺስ ታዲያ? ሹመቱስ?» አሉኝ። ያንን የነገረቻቸው ኑሪያ መሆን አለባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች በሉኝ ብዬ ቀለድኩ፤ አልሳቁም፤ ሻንጣዬን ነጥቀው ረቅሻው ድረስ ተሸከሙልኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ «መዝገቡ» ከሚለው ቃል ላይ ቆምኩ፤ ከሱ ቀጥሎ «ጠፍቷል» ማለት ቀላል ነበር። ዐም አወድ ከእንግዲህ መዝገቡን ለማን ብለው ይከፍቱታል? ፋንታዬስ የማንን መጽሔት ታነባለች? ነገሩን በሙሉ የማውቀው በምድር ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ቦሌ ልናርፍ ስንል «መዝገቡ ተገኝቷል፤ ናሙና ዘጠኝና ናሙና ሃያ ሦስት የአንዲት ሴት ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ቤቴ እንደደረስኩ፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ ላክሁት።

ከተመለስኩ በኋላ

ጽሑፉ ተሰረዘ። ወጣቱ ተመራማሪ በጨዋነት አመሰገነኝ። የሹመት ፋይሌ «በሌላ ጊዜ ይታያል» ተብሎ ተመለሰ፤ የክፍል ኃላፊያችን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ አሁንም ራሱን ይነቀንቃል። የሚገርመው የተጠቀስኩበት ቁጥር ወዲያው አለመቆሙ ነው፤ የተሰረዘ መሆኑን ሳያዩ የሚጠቅሱኝ አሉ። አሁን ጠዋት ቁጥሩ ሲጨምር ነው የምደነግጠው።

ዓለም በወሩ ከደሴ መጣች። የእናቷን ቁመት ወስዳለች። ደም ከመስጠቷ በፊት የሚደርሰውን ሁሉ ነገርኳት፤ ልመርመር አለች። ቱቦው ላይ ልጽፍ ስል ከልምዴ የተነሳ «ሌላ የምትጠሪበት ስም አለሽ?» አልኳት። «እማዬ ትጠይቅሻለች ብላኛለች፤ አንድ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። ኑሪያ ናሙናውን አዘጋጀች፤ እኔ አነበብኩ፤ አላመንኩም፤ እንደገና በሌላ ናሙና ደገምን። ጉድለቱ የለባትም። ለልጅቷ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነገርኳት። ከዚያ እዚያው ሆነን ጀብራ ደወልን፤ ፋንታዬ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ስልኬን ሳልከፍተው ማለት ይቻላል፣ ሐዋ ከካርቱም ደወሉ። ድምፃቸው ከደስታ የተነሳ ይሰባበራል።

«ዶክቶራ! አልሰማሽም? እዚህ ጀብራ አንዲት ያገራችን ሴት አለች፤ ፋንታዬ ትባላለች፤ ሁለቱንም ጡቷን ካንሰር የበላባት መስኪና። ልጇ አዲስ አበባ ተመርምራ ምንም የለባትም አሉ! ትናንት ከጀብራ ተነስቶ አርካዊት ገባ ወሬው፤ ሁላችን እልል ስንል ነው ያመሸነው። አልሰማሽም?»

ታካሚዋ ራሷ ብትናገር መብቷ ነው፤ እኔ ግን በሥራዬ ያወቅሁትን አልናገርም።

«አልሰማሁም» አልኳቸው፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ነገሩኝ።